አንገት የሌለው ሥጋ

በእኛ ጊዜ ባሕር ቄሱ ዳዊት ሲደግሙ ስሙን የምንሰማው ነገር ነበር እንጂ ሰው ሄዶ የሚያየው አልነበረም። እኔ የአርማጭሆ ልጅ ነኝ፤ ትልቅ ውኃ ካልሽኝ አንገረብን ነው የማውቀው፣ እሱም ክረምት ሲሞላ ነው። እና አንቺ ልጅ ልጻፈው ካልሽ ጻፊው እንግዲህ፣ ግን እንደማወራው ጻፊው፣ አታሳምሪው። ልጅሽንም ወደ ምድጃው አታስጠጊያት፣ ዓሣ ሲጠበስ ዘይቱ ይፈናጠራል። ይቺን ትልቋን ለዛህራ ነው የማስቀምጣት። ዛህራ ዓሣ ስትወድ ለጉድ ነው፤ ገዳሪፍ ገበያ ዓሣ በገባ ቁጥር ትልቁን መርጬ ለእሷ ነው፣ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ይኸው አጠገባችሁ ተቀምጣለች፣ ከዋሸሁ ታርመኝ።

ታዲያ ያ ክፉ ቀን መጣ። እህሉ ጠፋ፣ ከብቱ አለቀ፣ እኔና እናቴ በእግራችን ወጣን። ስለ መንገዱ ዛሬ አላወራም፤ የሄደበት ያውቀዋል። ሱዳን ሾዋክ አጠገብ ካምፕ ገባን፣ ከእናቴ ጋር አንድ ድንኳን፣ ሰልፍ ለውኃ፣ ሰልፍ ለስንዴ። እኔ አገር ቤት እስከ ስምንተኛ ተምሬ ነበርና አንድ ቀን ማንበብ የምትችል ሴት ልጅ ፈለጉ፣ ለአዋላጅነት ትምህርት፣ ፖርት ሱዳን። ስሜን ጻፉኝ። እና እናቴ ሾዋክ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ማተቤን ያዘች። «ልጄ፣ ተማሪ» አለችኝ። «የሚያስተምሩሽን ሁሉ ያዢ። የእስላም ሥጋ ግን አፍሽ እንዳይገባ። በማርያም ማይልኝ።» ማልሁላት። ምን አለበት፣ እዚያው መናኸሪያ ላይ ቆሜ በማርያም ማልሁላት።

ይኸን ልጆች ስትሰሙት ይገርማችሁ ይሆናል። ጥላቻ አይደለም እኮ። በእኛ አገር ክርስቲያኑ እስላሙ ያረደውን አይበላም፣ እስላሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። ሰርግ ሲሆን ለእስላም ወዳጅ ለብቻው ፍየል ይሰጠዋል፣ «በእጅህ ባርከህ ብላ» ይባላል፣ እሱም ሲደግስ ለእኛ እንዲሁ ነው። ልቅሶው አንድ፣ ገበያው አንድ፣ ገበታው ሁለት። እንዲህ ነው ያደግነው።

ፖርት ሱዳን ስደርስ ከዛህራ ጋር አንድ ክፍል ደረሰን። ዛህራ ከካምፕ አይደለችም፣ አባቷ እዚሁ ገዳሪፍ ስኳርና ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፣ የጎንደር አዲስ ዓለም እስላም። እና በዚያ ሁሉ ዓረብኛ መሐል አማርኛ የምናወራ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። በመጀመሪያው ቀን ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አንቺ የአርማጭሆ ልጅ፣ ማንኮራፋት ካለብሽ ካሁኑ ንገሪኝ፣ አልጋ እንድለውጥ።» እኔም፣ «አንቺስ?» አልኋት። «እኔማ አንኮራፋለሁ» አለችኝ። ይኸው ናት ዛህራ።

ምግቡ ነው ያስቸገረኝ። ጠዋት ፉል ይመጣል፣ የተቀቀለ ባቄላ ነው፣ አንድ ሳህን ለአራት ሰው፣ ያ ዘመን ለሱዳንም ክፉ ዘመን ነበር፣ ዳቦውም እየጠፋ ነበር። ምሳና እራት ኪስራ፣ የእነሱ ስስ የማሽላ እንጀራ፣ በወጥ ነው፤ ወጡ ደግሞ ሁሉም የደረቀ ሥጋ ተወቅጦ የተነሰነሰበት ነው። አታወጪው፣ አትለዪው። እና እኔ ኪስራውን ባዶውን እበላለሁ፣ ውኃ እጠጣበታለሁ። ዛህራ የጠዋቱን ፉል በጣቷ ወደኔ ትገፋዋለች፣ እኔ መልሼ እገፋዋለሁ። «መረቁን ብቻ ብትነኪው ምን አለበት?» ትለኛለች። «ምያለሁ» እላታለሁ። «ይሁን፣ መሐላ መሐላ ነው» ትላለች፣ ሁለተኛ አትለኝም። አላስገደደችኝም፣ አንድም ቀን።

ታዲያ ሰው በባዶ ኪስራ ስንት ወር ይቆማል? አንድ ቀን ትምህርት ላይ ወደቅሁ። አዞረኝና ወደቅሁ፣ ሙቀት ነው ተባለ። ሁለተኛው ግን ምጥ ላይ ያለች ሴት አጠገብ ነው፣ ሣሕን ይዤ፣ ሣሕኑም እኔም አብረን። ያቺ ምስኪን ከምጧ ተነሥታ ልትደግፈኝ ስትል አየኋት እኮ!

አለቃችን ሲት ኢህሳን የሚሏት ሱዳናዊት ነበረች፣ ሲት በእነሱ እመቤት እንደማለት ነው። ረጅም ናት፣ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለል ነጭ ቶብ ነው የምትለብስ፣ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሰምቼ አላውቅም፣ ግን ወደ አንቺ ስትመጣ እጅሽን አይተሽ ጥፍርሽን ትደብቂያለሽ። ጠራችኝ። «ልጄ» አለችኝ፣ «ያቺ ሴት ልትወልድ ነው የመጣች እንጂ አንቺን ልታስታምም አይደለም። ሦስተኛ ከወደቅሽ ወደ ሾዋክ በሚሄደው ሎሪ አስቀምጥሻለሁ። ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ራሷ የምትወድቅ አዋላጅ የሰው ልጅ በምን እጇ ትቀበላለች? አሁን ንገሪኝ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

ምን ልበላት? የእናንተ ሥጋ አፌ አይገባም ልበላት? ያቺን የመሰለች ሴት? «ደህና ነኝ» አልኋት። አየችኝ፣ አየችኝና «ደህና አይደለሽም» ብላ ተወችኝ።

እና ያን ጊዜ የእርዳታው ስንዴ በመርከብ የሚወርድ እዚያ ነበር። በትምህርት ቤታችን በር ነው ሎሪዎቹ የሚያልፉ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ሾዋክ። በር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ይቺ ጆንያ ለእናቴ ትደርስ ይሆናል እላለሁ፣ ደግሞ እኔስ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ብመለስ ምን ብዬ ነው ፊቷን የማይ እላለሁ። ካምፑ ውስጥ ስንት ሴት ድንኳን ውስጥ ነው የምትወልድ፣ አጠገቧ እንደሷ የተራበች ሴት ቁማ። «ልጄ ተምራ ትመጣለች» እያለች እናቴ ለሰው ሁሉ ነግራለች።

እንግዲህ ጉዞው የመጣ ያኔ ነው። ሲት ኢህሳን፣ «ዓርብ ትምህርት የለም፣ በባሕሩ ዳር ያሉትን መንደሮች እናያለን፤ ነገ የምትሠሩበትን አገር ዛሬ እዩት» አለች። እኛ ወደቡን በአጥር ላይ አሻግረን ነው የምናየው፣ ብረትና መርከብ ነው፣ ባሕሩን ባሕር ሆኖ አላየነውም። ጎሕ ሲቀድ ስምንት ልጆች በትንሽ መኪና ተጫንን። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለነበር ዓርብም ጾም አልነበረም። በጾሙ ሃምሳ አምስት ቀን ተራብሁ፣ በፍስኩም ተራብሁ። ዛህራ ስንሳፈር በጆሮዬ፣ «ዛሬ ብትወድቂ ባሕር ውስጥ ነው የምጨምርሽ» አለችኝ።

መጀመሪያ ሱዋኪን ገባን። አሮጌ ከተማ ናት፣ ውኃ የከበባት። ፎቁ ሁሉ ከባሕር ድንጋይ ነው የተሠራ፣ ነጭ፣ ድንጋዩን ቀርበሽ ስታዪው እንደ እንጀራ ዓይን አለው። ግማሹ ፈርሷል፣ መቃኑ ግን ቁሟል፣ መስኮቱ ከፈረሰም በኋላ ያምራል። እኔ ፋሲልን አይቻለሁ፣ ጎንደር ድረስ ለጥምቀት ወርጄ አይቻለሁ፤ እና የተጣለ ከተማ እንዲህ ኩራት ሲኖረው ሌላ ቦታ አላየሁም። ውኃውስ! ዳር ላይ እንደ ብርጭቆ ነው፣ እግርሽ ሥር ዓሣው ሲሄድ ታዪዋለሽ፣ ቢጫ፣ ባለ መስመር። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይንሽ አይደርስበትም። ዛህራ ቶቧን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባችና ዝም አለች። ዛህራ ዝም ስትል ያየሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛው መንደር የዓሣ አጥማጆች ነው። ሴቶቹ መረብ ይጠግናሉ፣ ጣታቸው ሲሄድ አይታይም። ሲት ኢህሳን አንዷን ቁጭ ብላ አዋየቻት። «የመጨረሻ ልጅሽን የት ወለድሽ?» «ጀልባ ላይ።» «ማን ተቀበለሽ?» «ባሌ።» «ባልሽ ምን አለ?» ሴትየዋ መረቧን ሳትለቅ፣ «ከዓሣ ይከብዳል አለ» አላለቻትም! ሳቅን። ሲት ኢህሳን ግን ወደኛ ዞረችና፣ «ለዚህ ነው የምትማሩት። ባሏ ሦስት ልጆች ተቀብሏል፣ አንዱ ሞቷል፣ ያንን ሳትነግረኝ ዓይኗ ነገረኝ» አለች። አያችሁ ሰው ማየት? እኔ ሳቁን ነው የሰማሁ፣ እሷ ከሳቁ ሥር ያለውን ሰማች።

እና ከዚያ ወደ ሦስተኛው ስንሄድ ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። አሸዋው ያቃጥላል። ጆሮዬ ውስጥ ጭው አለ፣ አውቀዋለሁ ያን ድምፅ፣ ከመውደቄ በፊት ነው የሚመጣ። ዛህራ ክንዴን ያዘችኝና ቆነጠጠችኝ፣ ቆዳዬ እስኪላጥ። «ቁሚ» ትላለች በጥርሷ። «እያየችሽ ነው፣ ቁሚ።» ወዲያ ሳይ እውነትም ሲት ኢህሳን እያየችኝ ነው። እንዲያ ተደጋግፈን አንድ የተገለበጠ ጀልባ ጥላ ሥር ደረስን፣ ባሕሩን የማይ መስዬ ተቀመጥሁ።

መንደሩ መንደር አይባልም። ምንጣፍ በእንጨት ላይ ተወጥሮ አሥር ያህል ጎጆ ነው። ሰዎቹ ሐደንደዋ ናቸው፣ የተራራው ሰዎች፣ ግመል አርቢ። በዚያ ድርቅ ከተራራ የወረዱ ናቸው። አንዲት አሮጊት ከጎጆዋ ወጣች፣ አፍንጫዋ ላይ ቀለበት ያለ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች። ሐቦባ አሚና አሏት፣ ሐቦባ በእነሱ አያት ማለት ነው። ሰላምታዋ ረጅም ነው፣ እንደኛ ደኅንነትሽን እየደጋገመች። የእሷ ዓረብኛና የእኔ ዓረብኛ እኩል የተሰባበረ ነው፣ ስለዚህ ከሁሉም ይልቅ እኔ ነኝ የሰማኋት። ከየት መጣችሁ አላለችም፤ እነሱ ዘንድ እንግዳ ሳይበላ ነገሩ አይጠየቅም። ፍም ላይ የተጠበሰ ዓሣ በትሪ አመጣች። ዳቦ የለም፣ ዓሣ ብቻ። የነበራት ያ ነው። ለእኔና ለዛህራ አንድ ትሪ አድርጋ ከፊታችን ቁጭ አለች። «ብሉ» አለች።

ዛህራ አየችኝ። እኔ ትሪውን አየሁ። ከዛህራ ጋር ስንኖር ሥጋ ያለበትን ገበታ አብረን ነክተን አናውቅም። እና አፌ እንዴት እንዳወጣው አላውቅም፣ «ሐቦባ፣ ማን ነው ያረደው?» አልኋት።

አሮጊቷ በደንብ ያልሰማች መስሏት ወደ ዛህራ ዞረች። «ምን አለች?»

«ማን አረደው ነው የምትል» አለች ዛህራ።

እና ሐቦባ ሳቀች፣ ሳቀች፣ የአፍንጫዋ ቀለበት እስኪወዛወዝ። ከዚያ ዓሣውን በጭራው አንሥታ ፊቴ ላይ አቆመችው። «ልጄ» አለች፣ «አንገቱን አሳዪኝ። አንገቱን ካገኘሽልኝ እኔ አርደዋለሁ።»

አየሁት። ምን አንገት አለው፣ ራሱ ከገላው ጋር አንድ ነው። የተባረከበት የለም፣ የታረደበት የለም፣ እስላምም ክርስቲያንም አልሆነም። ግን ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። እኛ ዘንድ ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፣ ከዚያ የባሰ ምን አለ? «ታዲያ ይኸ በክት አይደለም ወይ?» አልኋት ዛህራን በአማርኛ። «እኛ ዘንድ የባሕር ነገር ሳይታረድም ሐላል ነው» አለችኝ። «የእናንተን አንቺ እወቂ።»

የእኛን ሳስብ፣ ገና የትንሣኤው ሰሞን አልነበር፣ ጌታ ከሞት ተነሥቶ ደቀ መዛሙርቱ ዘንድ ሲገባ የሚበላ ጠይቆ የበላው ትዝ አለኝ። ዓሣ ነው። ከማር ጋር። ማን አረደው ብሎ አልጠየቀም። እነሱስ ራሳቸው ዓሣ አጥማጆች አልነበሩም? ቄሱ ሲያነቡት ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ጆሮዬ የሰማውን ሆዴ የሰማው ያን ቀን ነው።

እጄ ግን አሁንም አልሄደልኝም። ሐቦባ አየችኝ፣ ሳቋን ተወችና እንዲህ አለችኝ፦ «የእኔ አባት ዓሣ ከሚበላ ሰው ጋር አይቀመጥም ነበር። በዚህ ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ ነው። ግመሎቻችን አለቁ። የልጄን ልጆች ይዤ ወረድሁ። የመጀመሪያውን ዓሣ ስበላ አለቀስሁ፣ አባቴ የሚያየኝ መስሎኝ። በማግሥቱ ልጆቹ ተነሥተው ሮጡ። ከዚያ ወዲህ አላለቀስሁም።»

እንዲህ ያለች ሴት ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ክብሯን በልታ ልጅ ያሳደገች ሴት፣ ክብሯ ደግሞ ቅንጣት ያልጎደለ።

በስመ አብ ብዬ አማተብሁ። ዛህራ ቢስሚላህ አለች። እና ይቺ ዛህራ እጇን ሰደደችላችሁ፣ እንዴት ያለ አበላል ነው! ትቦጭቃለች፣ ጣቷን ትልሳለች፣ ዓይኑን እንኳ አልማረችውም። «ጥሩዬ፣ ቶሎ ካልደረስሽ እጨርስብሻለሁ» ትለኛለች አፏ ሞልቶ። እኔም እሽቅድምድም ሆነብኝና በላሁ። በላሁ፣ በላሁ፣ አጥንቱ ብቻ እስኪቀር። ከአንድ ትሪ፣ እሷ ከዚያ እኔ ከዚህ። ያ በጆሮዬ ጭው የሚለው ለቀቀኝ። ዛህራ ከዚያ «እጄን ልታጠብ» ብላ ከጀልባው ጀርባ ሄደች፣ ቆየች፣ ባሕሩ ናፍቋት ነው አልሁ።

ስንመለስ መኪናው ላይ ሲት ኢህሳን አጠገቤ ተቀመጠች። «ሰማሁሽ» አለችኝ። «ማን አረደው ስትዪ ሰማሁሽ። ለምን አልነገርሽኝም?» «አፈርሁ» አልኋት። «አዋላጅ አታፍርም» አለችኝ። ሌላ አላለችም። በማግሥቱ ማብሰያ ቤት ሄዳ አንዲት ድስት ለብቻ አስወጣችልኝ፣ «ይቺ የእሷ ናት፣ ሥጋ እንዳይነካት» ብላ። እና ዛህራ ፈጥና፣ «ሲት ኢህሳን፣ እኔም ዓሣ በጣም ወድጃለሁ፣ ከእሷ ጋር ልብላ» አለች። እስክንመረቅ ድረስ፣ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ እየለመነች የምታመጣ ዛህራ፣ ከእኔ ጋር ከዚያች ድስት የምትበላ ዛህራ። ሦስተኛ አልወደቅሁም። ይኸው ሾዋክ ተመለስሁ፣ ካምፑ ውስጥ ስንቱን ተቀበልሁ። አንቺን ጭምር፣ እግርሽን አስቀድመሽ መጥተሽ ያስለፋሽኝ።

እናቴን ግን ፈራሁ። ተመርቄ ስመጣ ቁጭ አልሁና ነገርኋት። «እማ፣ መሐላዬን አላፈረስሁም፣ ግን ዓሣ በልቻለሁ፣ ከእስላም ልጅ ጋር ከአንድ ትሪ።» ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ምን አለችኝ? «የእርዳታው ቆርቆሮ መጥቶ ነበር፣ ሥጋ ያለበት» አለችኝ። «በላሽው?» «ርቦኝ ነበር።» «ማን ነው ያረደው?» አልኋት። «ቆርቆሮው ላይ አልተጻፈም» አለችኝ። ሁለታችንም ድንኳኑ ውስጥ ተንከባለልን በሳቅ።

እንግዲህ ጨዋታዬ ይኸው ነው። ባሕሩን ብትጠይቁኝ ያምራል እላለሁ፤ የባሕሩ ዳር ሰዎች ግን ከባሕሩ ይበልጣሉ። በይ ዛህራ ሳህንሽን አቅርቢ፣ ትልቋ ደርሳለች።

እዚህ ላይ እማማ ጥሩወርቅ አበቁ። እኔ ልጄን ወደ ሌላው ጭኔ አዛውሬ መጻፉን ልተው ስል ሐጃ ዛህራ ሳህናቸውን ሳያቀርቡ ቀሩ።

«ጥሩዬ» አሉ፣ «እናትሽም ከተናዘዙ እኔም ልናዘዝ።»

«ምን አለሽና?»

«እኔ ዓሣ አልወድም።»

እማማ ጥሩወርቅ ማንኪያውን እንደያዙ ቀሩ። «ማን? አንቺ?»

«ሽታው ራሱ ይነሣብኛል። ያን ቀን ከጀልባው ጀርባ የሄድሁ እጄን ልታጠብ አይደለም፣ የበላሁትን ሁሉ መልሻለሁ። ሐቦባ አሚና አየችኝ። ጣቷን አፏ ላይ አደረገችልኝ።»

«እና ያ ዓመት ሙሉ? ያቺ ድስት?»

«ብቻሽን ብትበዪ ሁለት ቀን በልተሽ ትተዪው ነበር። አውቅሽ የለ።»

ዘይቱ እየተንጫጫ ነው፣ ማንም አላየውም። እማማ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ የጢሱም ይሁን የሌላ አልጠየቅሁም።

«አርባ ዓመት» አሉ። «አርባ ዓመት ትልቁን እየመረጥሁ ስሰጥሽ!»

«እሱ አይደል የጨረሰኝ» አሉ ሐጃ ዛህራ።

ከዚያ ሳቁ፣ ሁለቱም፣ ልጄ ከእንቅልፏ እስክትነቃ። ሲበርድላቸው እማማ ጥሩወርቅ፣ «ታዲያ አሁን ምን ላብላሽ?» አሉ።

«ሽሮሽን» አሉ ሐጃ ዛህራ። «ሽታው ሁልጊዜ ከዚህ ቤት ይመጣልኛል፣ ሳህኔ ላይ ግን ዓሣ ነው።»

እማማ ጥሩወርቅ መጥበሻውን አወረዱና ድስት ጣዱ። ትልቋ ዓሣ ለእኔ ደረሰችኝ።